የቤታችን የውጭ ግድግዳና ቀለሙ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ፣ በወላጆች ፊት፣ በእጅ ሥራ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በተፈቀደልን በዚህ አጭር ጊዜ ስለ አንድ ተራ ስለሚመስል ነገር ልንነግራችሁ ተነሥተናል። ይኸውም ስለ ቤት የውጭ ግድግዳና ስለሚቀባው ቀለም ነው። ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ጠፈርና ስለ ኮምፒዩተር አስረድተዋችኋልና፣ ከዚያ በኋላ ስለ ጭቃና ስለ ኖራ መስማት ከሰማይ ወደ ምድር እንደ መውረድ ይቈጠር ይሆናል። ሆኖም የምንኖረው እዚሁ ምድር ላይ ነው፤ የጋምቤላ ዝናብና ፀሐይም ለግድግዳ የሚራሩ አይደሉም።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለን። እንደምታውቁት ከባንዲራው ሰንደቅ በስተጀርባ ያለው የቀድሞው የጭቃ መማሪያ ክፍል ውጭው እንዲታደስ ሐሳብ ቀርቧል። አንዳንዶቹ ‹‹በሲሚንቶ ተለስኖ የዘይት ቀለም ይቀባ›› ይላሉ። እኛ ደግሞ ‹‹በጭቃ ተመርጎ ኖራ ይቀባ›› እንላለን። ነገሩ ገና አልተቈረጠም። ከናንተም ብዙዎቻችሁ በየቤታችሁ ይኸው ጥያቄ የሚገጥማችሁ ስለሆነ፣ የኛን ወገን ምክንያት ሰምታችሁ እንድትፈርዱ እንለምናለን።

መጀመሪያ ግድግዳው የሚታገለውን ጠላት እንወቅ። ከተማችን ባሮን ተደግፋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይወርዳል፤ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንደተማርነው አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ በግቢያችን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ፣ በባለ 200 ሊትር በርሜል ቢለካ፣ በዓመት ከአምስት በርሜል በላይ ውሃ ይፈሳል ማለት ነው። ከዚህ ውሃ ጥቂቱን ነፋስ እየገፋ በቀጥታ ግድግዳውን ይመታበታል። ከሁሉ የከፋው ግን ከጣራው ጠርዝ ወርዶ መሬት ከነካ በኋላ እየተፈናጠረ የግድግዳውን እግር የሚልሰው ነው። በየመንደሩ ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ፤ የጭቃ ቤት አስቀድሞ የሚጎዳው ከራሱ ሳይሆን ከእግሩ ነው። ማገሩ ገጦ የሚታየው፣ ዶሮዎችም ጭረው ጭረው ጉድጓድ የሚያወጡት እዚያው ነው።

ፀሐዩም የራሱ ሥራ አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስባቸው፣ አልፎም የሚሄድባቸው ቀኖች አሉ። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ በቀትር ከራሳችን በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ስለዚህ ቀትር ላይ የሚቃጠለው ጣራው ነው፤ ግድግዳን የሚያቃጥሉት የጧትና የማታ ፀሐዮች ናቸው። ከነዚህም የማታው ይብሳል፤ አየሩ ቀኑን ሙሉ ከጋለ በኋላ የምዕራቡን ግድግዳ ይመታዋልና። በምዕራቡ ግድግዳ በኩል አልጋው የተዘረጋ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት የሚገላበጠው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይረዳል።

አሁን ወደ ጭቃው እንግባ። ሸክላማ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል። በሜዳችን ላይ የተዘረጋው ጥቁሩ ዋልካ በበጋ እንዴት ተሰንጥቆ እግር እንደሚውጥ ሁላችንም አይተናል። ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ በየዓመቱ እያበጠና እየተሸበሸበ ይተነፍሳል። የሚቀባው ነገር ይህን መተንፈስ የሚችል መሆን አለበት። ክርክራችን በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

በአኝዋም ሆነ በኑዌር ዘንድ ግድግዳ መለሰን ከቀድሞ ጀምሮ የሴቶች ሙያ ነው። ወንዶች እንጨቱን ይተክላሉ፣ ጣራውን ያዋቅራሉ፣ ሣሩንም ይከድናሉ፤ ጭቃውን አብኩተው በመዳፋቸው የሚያለሰልሱት ግን እናቶቻችን ናቸው። ኑዌሮች ሉዋክ የሚሉት ክቡ የከብት ቤት፣ ከመኖሪያው ቤት ይልቅ ሰፊና ግርማ ያለው ሆኖ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ነው። በአኝዋ ግቢዎች ደግሞ ልስኑ ገና እርጥብ ሳለ በላዩ ጌጥ የሚያወጡ እናቶች አሉ። የኛ ክበብ አባሎች ለዚህ ንግግር ሲዘጋጁ መጽሐፍ ከመግለጣቸው በፊት የሄዱት ወደ እናቶቻቸውና ወደ አያቶቻቸው ነበር። የነገሩንን እንደነገሩን እናቀርባለን፤ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከተማርነው ጋርም ስናስተያየው ሳይስማማ የቀረ አላገኘንም።

ከሁሉ አስቀድሞ አፈሩ ይመረጣል። ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይከፋፈላል። አሸዋ ብቻውንም አይያዝም፤ ይረግፋል። ብዙዎች የሚወዱት የኩይሳ አፈር ነው። ምስጥ ደቃቁን አፈር ከሥር እያወጣ በምራቁ አጣብቆ የሠራው ስለሆነ ደኅና ይይዛል። (ምስጥ የቤታችንን እንጨት የሚበላ ጠላታችን ሲሆን አፈሩ ቤታችንን መጠገኑ፣ ካሣ እንደ መክፈል ነው ብሎ አንድ ጓደኛችን ቀልዷል።) አፈሩ ከተገኘ በኋላ ከአሸዋ ጋር በተለያየ መጠን እየተደባለቀ ትንንሽ ቂጣ ይጋገራል፤ ጥላ ውስጥም ይደርቃል። የተሰነጠቀው አሸዋ ይጨመርበታል። በጣት ሲፈተግ የሚረግፈው ሸክላ ይጨመርበታል። ይህን የሚያህል ቀላል ፈተና ሳያደርጉ ግድግዳ ሙሉ ጭቃ መለጠፍ ድካምን በከንቱ ማፍሰስ ነው።

ቀጥሎ ጭረት የሚሆን ነገር ይገባበታል። በደጋው አገር የጤፍ ጭድ ነው፤ በእኛ ዘንድ የተከተፈ ደረቅ ሣር ይሆናል። ጭረቱ ጭቃውን እንደ ክር ሰፍቶ ይይዘዋል፤ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ሊወጣ በነበረበት ቦታ ዓይን የማያያቸው ብዙ ትንንሾች ይወጡና ውሃ የሚገባበት በር ይጠፋል። ከዚያም ጭቃው እየተረገጠ ለብዙ ቀን ይቦካል። ሣሩ መሽተት ሲጀምር ጭቃው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ ሽታው ደስ አይልም፤ ነገር ግን በግድግዳው ላይ ከደረቀ በኋላ ይጠፋል። የመጨረሻው ስስ ልስን እበት ይጨመርበታል። በእበት ውስጥ ከብቱ ያላመጠው ደቃቅ የሣር ጭረትና የሚያጣብቅ ነገር ስላለ፣ ልስኑን ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል፤ ዝናብም ቶሎ እንዳያጥበው ያደርገዋል። ከተማ ያደጉ አንዳንድ ጓደኞቻችን እበት ሲባል አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ቀለም ሻጩ በቆርቆሮ አሽጎ ‹‹ማጠናከሪያ›› ብሎ ቢሸጠው ግን በደስታ ይገዙት ነበር ብለን እናምናለን።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ቢለሰንበት ምን ይሆናል? ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ጭቃው ግን ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ አይዋሐዱም። ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ልስኑን በጣት ቢያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ከጭቃው ተላቋል ማለት ነው። ከዚያ ቀጭን ስንጥቅ ትወጣለች። በስንጥቋ የገባው ውሃ በዚያው ታፍኖ ይቀራል፤ መውጫ የለውምና። ከውጭ ሲያዩት ያማረ ቤት፣ ከውስጥ ማገሩ እየበሰበሰና ምስጥ እየገባበት ይቆያል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ልስኑ በአንድ ቁራጭ ሲወድቅ ነው። የዘይት ቀለምም እንደዚሁ ነው። በግድግዳው ላይ ቆዳ ይሠራል፤ ከሥሩ ያለው እርጥበት ሊወጣ ሲገፋ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ይቋጥርና ይላጣል። ያንን ለመፋቅና እንደገና ለመቀባት የሚወጣው ገንዘብ ከመጀመሪያው አያንስም።

የብሎኬት ቤት ያላችሁ ወላጆች ‹‹ይህ ንግግር እኛን አይነካም›› እንዳትሉ። ለብሎኬት ሲሚንቶ ተገቢው ልስን ነው፤ ለውጭ የተሠራውም የውሃ ቀለም ይስማማዋል። ነገር ግን ልስኑ እንደ ደረቀ በጥድፊያ የዘይት ቀለም የሚቀቡ ሰዎች አሉ። በኬሚስትሪ ክፍል እንደተማርነው ዘይትና አልካላይ ሲገናኙ ሳሙና ይሆናሉ። አዲስ ሲሚንቶ ደግሞ ብርቱ አልካላይ ነው። ስለዚህ ያ ውድ ቀለም በግድግዳው ላይ ወደ ሳሙና እየተለወጠ ይልሞሰሞሳል። ቢያንስ አራት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል።

ቀለምን ካነሣን ዘንድ ስለ እርሳስ ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። የምንለው የምንጽፍበትን እርሳስ አይደለም፤ ማዕድኑን ነው። ብዙ አገሮች ለረጅም ዘመን ቀለም እንዲደምቅና ቶሎ እንዲደርቅ እርሳስ ይጨምሩበት ነበር። እርሳስ በሕፃናት አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠኑ አይታወቅም ይላል። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ከዚያ በፊት የተቀባ የቆየ ቀለም ግን በየግድግዳውና በየበሩ አለ። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ መፋቅና በእሳት ማቃጠል ክፉ ነው። በውሃ እያራሱ መፋቅ፣ ፍቅፋቂውንም ለቅሞ ማስወገድ፣ ሕፃናትንም ከአጠገቡ ማራቅ ይገባል።

አሁን ወደ ኖራ ደርሰናል። ኖራ የሚሠራው ከበሃ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በምድጃ ውስጥ እስከ 900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውስጡ ይወጣና ጥሬ ኖራ ይቀራል። ጥሬው ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ይጤሳል፣ ይደቅቃል። ከዚህ በኋላ በውሃ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ሲቀባ፣ ያንን በምድጃ ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ላይ ቀስ በቀስ መልሶ ይወስድና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ድንጋይ በቡሩሽ መቀባት እንደ ማለት ነው! ይህም ስስ ድንጋይ እንደ ዘይት ቀለም ቆዳ አይሠራም፤ ቀዳዳዎች ስላሉት እርጥበት ይወጣበታል። ንጣቱም ከሚደርስበት የፀሐይ ብርሃን ከግማሽ በጣም የሚበልጠውን ወደ ውጭ ይመልሳል። በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ባሪየም ሰልፌት ከሚባል ነገር 98.1 በመቶ የሚሆነውን የፀሐይ ብርሃን የሚመልስ ነጭ ቀለም መሥራታቸውን አስታውቀዋል። ያ ቀለም ባሮን ተሻግሮ እስኪደርስልን ድረስ የምዕራቡን ግድግዳ ኖራ ብንቀባው አንጎዳም።

አቀባቡ ትዕግሥት ይፈልጋል። ኖራው እንደ ወተት ይቅጠን፤ ወፍራም ከሆነ ይረግፋል። ግድግዳው አስቀድሞ ውሃ ይረጭበት። ሥራው በጧት ወይም ጥላ በሆነበት በኩል ይሁን፤ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ድንጋይ መሆኑ ቀርቶ ዱቄት ይሆናልና። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሦስት አራት ጊዜ እያሳሱ መቀባት ይበልጣል። መጀመሪያ ሲቀባ ግድግዳው የደበዘዘ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይነጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ‹‹አልያዘም›› ብሎ ይደራርብበታል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ኖራ ዓይን ያጠፋል። ይህን በቀልድ አንናገርም። በከረጢት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ውሃ ጠጥቶ የደቀቀው ነው፤ እርሱም ቢሆን ቆዳንና ዓይንን ይበላል። ጥሬው ከተገኘ ደግሞ ኖራው ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በኖራው ላይ አይደፋም፤ የላስቲክ ባልዲም አይሆንም፤ ሙቀቱ ያቀልጠዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይታሽ በብዙ ንጹሕ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ስለዚህ በኛ አሳብ ኖራውን የሚበጠብጡት ትልልቆቹ ተማሪዎች መነጽር አድርገው ከመምህር ጋር ይሁኑ፤ ትንንሾቹ ውሃ ያመላልሱ።

ተቃዋሚዎቻችን ሁለት ነገር ይላሉ፤ ሁለቱም እውነት ነው። አንደኛው፣ ኖራ ልብስ ያቆሽሻል የሚል ነው። ጥቁር ካፖርት ለብሶ ግድግዳ የተደገፈ ሁሉ ይመሰክራል። ለዚህ መድኃኒቱ ባለሙያዎች ዞኮሎ የሚሉትን የግድግዳውን የታች ክፍል እስከ ወገብ ድረስ በቀይ አፈርና በእበት ልስን መተው ነው፤ የሚፈናጠረውም ጭቃ አያስነውረውም። ሁለተኛው፣ ኖራ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መታደስ አለበት የሚል ነው። አዎን፣ አለበት። ነገር ግን ሲሚንቶውና የፋብሪካው ቀለም ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዞ የሚመጣ ስለሆነ፣ ዋጋው የመንገዱንም ይጨምራል። ኖራም ከደጋ የሚመጣ መሆኑን አንክድም፤ ብዙውን ሥራ የሚሠራው አፈርና ሣር ግን እዚሁ አለ። ይህ የሩቅ ዕቃ ነገር በከተማችን አዲስ አይደለም። በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተሰጥቶ፣ እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስ በሱዳን በኩል ይተዳደር ነበር። በዚያ ዘመን የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም የሚደርሱት ወንዙ በሞላበት ወራት ብቻ ነበርና፣ ውሃው ሲጎድል ዕቃውም ይጠብቃል። ኩይሳው ግን በጋም ክረምትም ከቦታው አይጠፋም።

የማደስን ሥራ እንደ ሸክም የማይቈጥሩ ሕዝቦች እንዳሉም እንንገራችሁ። በሐረር ጀጎል፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በሰፈረችው ከተማ፣ የግቢ ግድግዳዎች በኖራና በቀለም እየታደሱ መንገዶቹን ያደምቃሉ። በምዕራብ አፍሪካ በቡርኪና ፋሶ ቲዬቤሌ በሚባል ስፍራ የሚኖሩ የካሴና ሴቶች የጭቃ ቤታቸውን ውጭ በቀይ፣ በነጭና በጥቁር አፈር ይሥላሉ፤ ከአንድ ዛፍ ፍሬ ቅርፊት በተቀቀለ ውሃም ይለብጡታል። ይህም ስፍራ በ2024 እ.ኤ.አ. በዚያው መዝገብ ገብቷል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ኤስተር ማህላንጉ የተባሉት የንዴቤሌ እናት፣ ከእናታቸውና ከአያታቸው የተማሩትን የግድግዳ ሥዕል በ1991 እ.ኤ.አ. በቢኤምደብልዩ አውቶሞቢል ላይ ሥለው ዓለም አወቃቸው። እኅቶቻችን ይህን ልብ በሉልን፤ በሥዕል ክፍለ ጊዜ የወረቀት እጥረት አለ እያልን ስናጉረመርም፣ የቀድሞው መማሪያ ክፍል አራት ግድግዳ ባዶውን ቆሟል።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ይቀረናል፤ እርሱም ስለ ወባ ነው። አገራችን ወባን ለማጥፋት በ1959 እ.ኤ.አ. ዘመቻ ከጀመረች ወዲህ በቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ መድኃኒት መርጨት የታወቀ ሥራ ነው። ዛሬ ዲዲቲ ቀርቶ በሌሎች መድኃኒቶች ተተክቷል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ለማረፍ ግድግዳ ላይ ስትቀመጥ መድኃኒቱ ይገድላታል። ከርጭቱ በኋላ የውስጡን ግድግዳ የሚመርግ ወይም የሚቀባ ሰው መድኃኒቱን ቀበረው ማለት ነው። ስለዚህ ቤታችሁን ስታድሱ የውስጡ ሥራ ከርጭት በፊት ይለቅ። የውጩን በፈለጋችሁ ጊዜ ሥሩት።

አሳባችን ተቀባይነት ካገኘ ሥራው ዝናቡ ካቆመ በኋላ በኅዳር ይጀመራል። አፈሩን እኛ እንቆፍራለን፤ ሣሩንም እናጭዳለን። እበት ከከብት ባለቤቶች እንለምናለን፤ በነፃ እንደሚሰጡንም ተስፋ አለን። የጭቃውን መጠን የሚፈርዱልን፣ የእጅ አጣጣሉንም የሚያሳዩን እናቶች ያስፈልጉናል፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዚህ ስትወጡ በሩ አጠገብ ለቆመችው ተማሪ ስማችሁን አስመዝግቡልን። ረዥም መሰላል ያላቸው አባቶችም እንዲያውሱን እንለምናለን፤ የትምህርት ቤቱ መሰላል ሁለት ርካብ ጎድሎታልና ከመስኮቱ በላይ አያደርስም።